የሰው ፊት ምስክር አይደለም

በዛሬ ዘመን በወጣቶች ዘንድ እጅግ የተወደደ አንድ ምኞት አለ፤ ይኸውም ሰውን ገና ሲያዩት ማወቅ ነው። አንዱ ከመጽሐፍ፣ ሁለተኛው ከፊልም፣ ሦስተኛው በስልኩ ከሚያየው ትምህርት እየቃረመ፣ «ዓይኑን ወደ ጎን ያዞረ ዋሽቷል፤ አፍንጫውን የነካ የደበቀው ነገር አለ፤ እጁን ያጣጠፈ ጠልቶሃል» እያለ የጓደኛውን ፊት እንደ ፊደል ገበታ ይቆጥረዋል። እኛ ሽማግሌዎቹም ከዚህ አንሰን አንገኝም። «ፊቱ አላማረኝም»፣ «ዓይኑ የሌባ ዓይን ነው» ስንል ኖረናል። ወጣቱ ለነገሩ የፈረንጅ ስም ስለ ሰጠው አዲስ ዕውቀት ያገኘ ይመስለዋል እንጂ፣ እህሉ ከአያቶቻችን ጎተራ የወጣ አሮጌ እህል ነው፤ ነቀዙም አብሮት አለ።

ይህን የምጽፈው ማስተዋል ከንቱ ነው ለማለት እንዳይመስላችሁ። ዕድሜዬን በሙሉ ያስተማርሁት ልጆች እንዲያስተውሉ ነው፤ ያላስተዋለ ሰው በዚህ አገር ላይ የሚደርስበትን ግፍም በዓይኔ አይቻለሁ። ክርክሬ ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው። የሰው ዓይን፣ ከሠለጠነ፣ የሰውን ሥራ ፈለግ ሊያነብ ይችላል፤ የት እንደ ዋለ፣ ምን እንደ ሠራ፣ በምን መንገድ እንደ መጣ ሊያውቅ ይችላል። የልቡን ሐሳብ ግን ከፊቱ ላይ ሊያነብ አይችልም። እችላለሁ የሚል ሰው ሲሳሳት ዋጋውን የሚከፍለው እሱ አይደለም፤ ፊቱ የተነበበበት ሰው ነው።

ነገሩን ከገበያ ልጀምረው። በመካነ ሰላም ገበያ ቅቤ የምትገዛ ሴት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ከላይ ያለውን ቢጫ መልክ ብቻ አይታ ገንዘቧን ከመቀነቷ አትፈታም። በስንጥር ወግታ ከሥር ታወጣለች፤ ታሸታለች፤ በሁለት ጣቶቿ መካከል ታሻለች፤ «ከየት አገር የመጣ ነው? መቼ የተናጠ ነው?» ብላ ትጠይቃለች፤ ከመለሱላትም በኋላ ወደ ሌላዋ ሻጭ ሄዳ ያንኑ ትጠይቃለች። በቅሎ የሚገዛውም ሰው ጥርሷን ይቆጥራል፣ ኮቴዋን አንሥቶ ያያል፣ ዳገት አስወጥቶ ቁልቁለት ያወርዳታል። ጤፍ የሚሸምተው በመዳፉ አፍሶ እፍ ይልበታል። እንግዲህ እነዚህ ሰዎች ሞኞች አይደሉም። ዳሩ ግን እነዚሁ ሰዎች ማታ ወደ ቤታቸው ተመልሰው የጎረቤት ልጅ አንድ ነገር ወሰደ ሲባል የሰሙ እንደ ሆነ፣ «እሱማ ፊቱ ያስታውቃል» ይላሉ። ለአንድ ቅል ቅቤ የሰጡትን ትዕግሥት ለሰው ልጅ ይነፍጉታል።

ከብዙ ዓመታት በፊት ባስተማርሁበት በአንድ ትምህርት ቤት፣ ስሙ ለዚህ ጉዳይ አያስፈልግም፣ ከተማሪዎች የተሰበሰበ ገንዘብ ከጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ ጠፋ። የትምህርት ቤቱ ኃላፊ የአንድ ክፍል ወንዶች ልጆችን በፀሐይ አሰልፎ፣ «ዓይኔን እዩኝ» እያለ ከአንዱ ወደ አንዱ አለፈ። ከዓባይ ወገን ከቆላ የመጣ አንድ ልጅ ነበረ፤ ላብ አጥምቆታል፣ ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኑን ከመሬት አያነሣም። ኃላፊውም «ተገኘ!» አለ። ልጁ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ክፍል ተከራይቶ የሚማር ነበር። ከገጠር ለሚመጡ ተማሪዎች ሁሉ እንደሚሆነው፣ ስንቁ የሚደርሰው ከመንደሩ ሰው ወደ ከተማ ሲወጣ ነው፤ በዚያ ሳምንት የወጣ ሰው አልነበረም። ሁለት ቀን የዋለው በቆሎ ነበር። ከንፈሩ የደረቀ፣ ሱሪው ከወገቡ የሰፋ፣ ቆሞ መዋል ያቃተው ልጅ መሆኑ በግልጥ የሚታይ ነገር ነበር፤ ዓይን ያለው ሊያነበው ይችል ነበር። ያን ግን ያነበበ አልነበረም። መሳቢያው ይቆለፍ እንደ ሆነ፣ ቁልፉ በማን እጅ እንዳደረ፣ ገንዘቡ ለመጨረሻ ጊዜ በየትኛው ሰዓት እንደ ተቆጠረ የጠየቀም አልነበረም። እኔም ይህን ብናገር፣ «አንተ ልጆችን አታውቃቸውም» ተባልሁ። ልጁ በሦስተኛው ቀን ደብተሮቹን ይዞ ወደ ቆላ ወረደ፤ አልተመለሰም። ገንዘቡም አልተገኘም።

በሀገራችን ሕገ መንግሥት፣ በ1987 ዓ.ም. በወጣው፣ በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛ ተብሎ እስካልተፈረደበት ድረስ ንጹሕ ሆኖ ይገመታል ተብሎ ተደንግጓል። ይህ ቃል በዳኛ ፊት ብቻ የሚሠራ አድርገን ስለ ያዝነው፣ በየክፍሉ፣ በየቀበሌው፣ በየቤቱ በየቀኑ ይሻራል። በፍርድ ቤት የማይፈቀደው የፊት ምስክርነት በእኛ ምድጃ ዳር እንደ ብልኅነት ይቆጠራል።

ከእኛ በፊት የነበሩት ደግሞ ፊት ማየቱ ያልበቃቸው እንደ ሆነ ልጅ ያሰክሩ ነበር። ሌባ ሻይ ስለሚባለው ነገር የሰማችሁ ጥቂቶች ትሆናላችሁ። አንድ ብላቴና መድኀኒት የተቀላቀለበት ወተት ይጠጣል፤ ጭስ ይምጋል፤ ከዚያ በኋላ በወገቡ መቀነት ይታሰርና ባለሙያው ከኋላ ይዞት ይለቀዋል። ልጁ እየተንገዳገደ ሄዶ ከወደቀበት ቤት፣ የቤቱ ባለቤት ሌባ ነው ተብሎ የጠፋውን ይከፍላል። ይህ በጫካ ውስጥ በስውር የሚደረግ አልነበረም፤ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በአዲስ አበባ ከተማ በባለሥልጣን ፈቃድ ይሠራበት ነበር። ዛሬ ይህን የሚሰማ ወጣት ይሥቃል። ነገር ግን የሰከረ ልጅ እግር ወዴት እንደሚወድቅ አስቀድሞ የሚያውቅ ከሌለ፣ የተቆጣ ኃላፊ ዓይንስ ወዴት እንደሚያርፍ ማን ያውቃል? ሁለቱም ከመነሻቸው የሚያዩት ገንዘቡ የተቀመጠበትን ቦታ አይደለም።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን ቡዳ የሚለው ንባብ ነው። በደጋው አገር ሁሉ ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ፋቂው፣ ሸማኔው በዓይናቸው ይበላሉ ተብለው ስንት ዘመን ኖሩ! ገበሬው ቀጥቃጩ በሠራለት ማረሻ ያርሳል፣ በሠራለት ማጭድ ያጭዳል፤ ሚስቱ ሸክላ ሠሪዋ በጠፈጠፈችው ምጣድ እንጀራ ትጋግራለች፤ ልጁ ባተኮሰው ጊዜ ግን «ማን አየው?» ተብሎ ይጠየቃል፤ መልሱም ከጥያቄው በፊት የተዘጋጀ ነው። ልብ በሉ፣ በዚህ ንባብ ውስጥ የተነበበው ሰው ሊከላከል የሚችልበት መንገድ የለም። ቢያይ «አየ» ይባላል፤ ዓይኑን ቢመልስ «እንዳይታወቅበት ነው» ይባላል፤ ከቤቱ ባይወጣ «ሌሊት ይዞራል» ይባላል። ልጁ የታመመው ከጉድጓድ የተቀዳ ውኃ ጠጥቶ እንደ ሆነ፣ ወይም የወባ ትንኝ ነድፋው እንደ ሆነ የሚመረምር የለም፤ ልጁም ወደ ጤና ጣቢያ ሳይደርስ ይዘገያል። ስለዚህ በዚህ ክፉ ንባብ የሚጎዱት ሁለት ወገኖች ናቸው፤ አንደኛው ስሙ የጠፋው ባለ እጅ፣ ሁለተኛው በሽታው ሳይታወቅለት የቀረው ሕፃን።

ማናቸውም መልስ ቢመጣ ያው ፍርድ የሚወጣበት ንባብ ማስተዋል አይደለም። ይህን አንድ ምልክት ብቻ ብትይዙ፣ በሰው ላይ የሚነገረውን ግማሽ ወሬ መለየት ትችላላችሁ።

ስለ አውደ ነገሥት ብዙ አልናገርም። የሰውየውን ስምና የእናቱን ስም ፊደላት በቁጥር ደምሮ፣ በ12 ገድፎ፣ የቀረው ቁጥር ሐመል ወይም ሠውር ወይም ሌላ ኮከብ ነው ብሎ ጠባዩን ለመናገር ሰውየው መኖሩ እንኳ አያስፈልግም። በወሎማ እንዲያውም ሒሳቡ ከመነሻው ይፋለሳል፤ አንዱ ሰው የቤት ስም አለው፣ የክርስትና ስም አለው፣ በትምህርት ቤት የተጻፈለት ሌላ ስም አለው። በየትኛው ሊቆጠርለት ነው?

ስለ ስም ካነሣሁ ዘንድ ይህንንም ልጨምር። ከሌላ አገር የመጣ ሰው በወሎ ላይ በመጀመሪያ የሚሳሳተው በስም ነው። ስሙን ሰምቶ ሃይማኖቱን ያወቀ ይመስለዋል። በአንድ ቤት ውስጥ ክርስቲያንና እስላም ወንድማማች ሆነው በሚኖሩበት፣ አባትና ልጅ የሁለት ሃይማኖት ስም በሚይዙበት አገር ይህ መላ አይሠራም። የልጅ ኢያሱ አባት ንጉሥ ሚካኤል፣ በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ክርስትና እስኪነሡ ድረስ መሐመድ ዓሊ ይባሉ ነበር። የወሎ ልጅ የሆነ ሁሉ ከዚህ ሊማር የሚገባው አለ፤ በጎረቤቱ ዘንድ ትክክል የነበረውን ምልክት በሌላው ላይ ከማዋሉ በፊት ማቆም ይኖርበታል።

«ይህማ የድንቁርና ዘመን ነገር ነው፤ የእኛ ግን ሳይንስ ነው» የሚል ወጣት እንደሚኖር አውቃለሁ። እንግዲህ ሳይንሱን እንየው። ቼዛሬ ሎምብሮዞ የሚባል ኢጣሊያዊ ሐኪም በ1876 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ ወንጀለኛ ሆኖ የሚወለድ ሰው እንዳለና ይህም ከራስ ቅሉ፣ ከመንጋጋው፣ ከጆሮው እንደሚታወቅ አስተማረ። ሚሊ ሜትር ይዞ የሚለካ ሐኪም ስለ ነበረ በአውሮፓ ብዙ ሰው አመነው። ቻርልስ ጎሪንግ የተባለ እንግሊዛዊ የእስር ቤት ሐኪም ግን 3,000 የሚያህሉ እስረኞችን ለክቶ ወንጀል ካልሠሩ ሰዎች ጋር አስተያየና፣ በ1913 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያለ የወንጀለኛ መልክ እንደሌለ አሳየ። የመጀመሪያው ሰው የረሳው ነገር ቀላል ነበር፤ እስር ቤት የሌለውን ሰው ጆሮ ከእስረኛው ጆሮ ጋር አስተካክሎ አልለካም። ሌባ የሚመስል ሌባ ያየ ሰው ያስታውሰዋል፤ ሌባ የሚመስለውን ንጹሕ ሰው ግን ማንም አይቆጥረውም።

ስለ ውሸት ደግሞ ቻርልስ ቦንድና ቤላ ዲፓውሎ የሚባሉ ሁለት የሥነ ልቡና ሊቃውንት፣ ከ24,000 የሚበልጡ ሰዎች የሌላውን ቃል ሰምተው «እውነት ነው»፣ «ውሸት ነው» ብለው የፈረዱባቸውን ምርምሮች ሰብስበው በ2006 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። ከ100 ፍርድ ውስጥ ትክክል የሆነው በአማካይ 54 ነበር። ሳንቲም ወደ ላይ ወርውሮ የሚፈርድ ሰው 50 ያህል ያገኛል። እንግዲህ ዓይናችን፣ ጆሮአችን፣ ልምዳችንና ትዕቢታችን ተጨምሮበት ከሳንቲሙ የበለጥነው በ4 ብቻ ነው። በሙያቸው ውሸት ለመለየት የተቀመጡትም ቢሆኑ ከተራው ሰው እምብዛም አልራቁም።

በተለይ በእኛ አገር ደግሞ የዚያ የውጭ ትምህርት ዋነኛ ምልክት ተገልብጦ ይገኛል። ዓይኑን ያልተከለ ዋሽቷል ይላሉ። በደጋው ያደገ ልጅ ግን በታላቁ ፊት ዓይኑን ሊተክል አይገባውም፤ አንገቱን ይደፋል፣ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ ጋቢውን ወደ አፉ ይሰበስባል። በአባቱ ፊት አፍጥጦ የሚመልስ ልጅ «ባለጌ» ይባላል እንጂ «እውነተኛ» አይባልም። ከዚህ ቤት የወጣ ልጅ በከተማ ቢሮ ውስጥ ለሥራ ሲጠየቅ፣ ጠያቂው ያንን መጽሐፍ አንብቦ ከተቀመጠ፣ ጨዋነቱ እንደ አታላይነት ይጻፍበታል። ፊት አፍጥጦ መዋሸትን የለመደው ደግሞ ሥራውን ይወስዳል። ሌባ እናት ልጇን አታምንም እንደሚባለውም፣ ብዙ ጊዜ ሰው በሌላው ፊት ላይ የሚያነበው ከራሱ ቤት ያመጣውን ነው።

እንግዲህ ምን እናንብብ? በኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረ ጆሴፍ ቤል የሚባል ሐኪም ነበረ። ተማሪው የነበረው አርተር ኮናን ዶይል በ1887 እ.ኤ.አ. የሸርሎክ ሆምስን የመጀመሪያ ታሪክ ሲያሳትም ባሕርዩን ከዚህ መምህር እንደ ወሰደ ራሱ ተናግሯል። ወጣቶች ሆምስን ሲያነቡ የሚወዱት ፍጥነቱን ነው። መምህሩ ቤል ያደርግ የነበረውን ግን ተመልከቱ። አንድ በሽተኛ ወደ ክፍሉ ሲገባ ባርኔጣውን አላወለቀም፤ በወታደር ቤት ይህ ልማድ ነው፤ ወደ ሲቪል ኑሮ ከተመለሰ ቢቆይ ኖሮ ማውለቅን ይለምድ ነበር። እግሩ በዝሆኔ በሽታ አብጧል፤ ይህ በሽታ የሚገኘው በእንግሊዝ አገር ሳይሆን በዌስት ኢንዲስ ደሴቶች ነው። ስለዚህ በቅርብ የተሰናበተ፣ በባርቤዶስ ያገለገለ ወታደር መሆን አለበት ብሎ ገመተ፤ ሰውየውን ራሱንም ጠየቀው። ሰውየው «አይደለሁም» ሊለው ይችል ነበር። አያችሁ፣ ቤል «ይህ ሰው ደግ ነው»፣ «ይህ ሰው ክፉ ነው» አላለም። የነበረበትን ቦታ፣ የለመደውን ሥራ፣ የያዘውን በሽታ ነው የተናገረው። ገላ የሚመሰክረው ይህን ነው።

እንዲህ ያለውን ማስተዋል ከኤዲንብራ ማስመጣት አያስፈልገንም። የጠፋች በቅሎ ፈለግ የሚከተል የቦረና ገበሬ፣ ኮቴው ሲጫን ጠርዙ የተናደው ጤዛ ሳይደርቅ ነው ወይስ ከደረቀ በኋላ ብሎ የሄደችበትን ሰዓት ይገምታል፤ ሸክም እንዳለባት ከኮቴው ጥልቀት ያውቃል። ፈለጉ ከድንጋይ ላይ ሲጠፋበት ግን «ወዲህ ሄዳለች» ብሎ አይምልም፤ ክብ ዞሮ እንደገና ይፈልጋል። ይህንን ትምህርት ወደ ሰው ማምጣት ነው። በገበያ ቀን ከመንገድ ዳር ተቀመጡና የሚመጣውን ሰው እዩ። እግሩ ላይ ያለው አቧራ ቀይ ነው ወይስ ጥቁር? የያዘው ማሽላ ነው ወይስ ገብስ? ከቆላው የወጣ ነው ወይስ ከደጋው የወረደ? መዳፉ የጠነከረው ከጣቶቹ ሥር ነው፣ እንደ አራሽ? ወይስ የጣቶቹ ጫፍ ነው፣ እንደ ልብስ ሰፊ? ነጠላዋን እንዴት ለብሳዋለች? የጥለቱ አጣጣል ኀዘን እንዳለባት ይናገራል፤ ይህ ግን እሷ ራሷ ዐውቃ ለሚያያት ሁሉ የምትናገረው ቃል ነው እንጂ ከእሷ የሰረቃችሁት ምሥጢር አይደለም። ግምታችሁን በደብተር ጻፉ፤ ከዚያ ሄዳችሁ ሰላምታ ሰጥታችሁ ጠይቁ። ስንቱን እንዳገኛችሁ፣ ስንቱን እንደሳታችሁ ቁጠሩ። ተማሪዎቼን ይህን ባሠራኋቸው ጊዜ ሁሉ፣ በሦስተኛው ሳምንት ከወሬያቸው ውስጥ «ፊቱ ያስታውቃል» የሚለው ቃል ይቀንስ ነበር፤ የሳቱትን ስለ ጻፉት ነው።

ልብን ማወቅ ግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ እውነት ነው። ያን ጊዜ መንገዱ ፊት ማፍጠጥ ሳይሆን ጥያቄ ማዘጋጀት ነው። ንጉሥ ሰሎሞን ስለ አንድ ሕፃን የተጣሉ ሁለት ሴቶች በቀረቡለት ጊዜ፣ ሁለቱም «ሕያው ልጅ የእኔ ነው» ብለዋል። የሁለቱን ፊት ቢመረምር ኖሮ እስከ ማታ በዋለ ነበር። ሰይፍ አስመጣ፤ ይኸውም እናቲቱና እናት ያልሆነችው አንድ ዓይነት መልስ ሊሰጡ የማይችሉበት ጥያቄ ነበር። የሶስናም ታሪክ ከዚህ አይተናነስም። በሚሲዮን ትምህርት ቤት በተሰጠኝ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ይህ ታሪክ አልነበረም፤ በሰማንያ አሐዱው ውስጥ ግን አለ፤ ካደግሁ በኋላ ባገኘሁት ጊዜ ለምን እንደ ተነፈገኝ አዝኛለሁ። ሁለት የተከበሩ ሽማግሌዎች በአንዲት ንጽሕት ሴት ላይ በሐሰት መሰከሩ። ፊታቸው የሽማግሌ ፊት፣ ጢማቸው የሽማግሌ ጢም ነው፤ ሕዝቡም ሞት ፈረደባት። ወጣቱ ዳንኤል ግን ሁለቱን ለያይቶ፣ ለእያንዳንዳቸው «ከየትኛው ዛፍ ሥር አየሃቸው?» ብሎ ጠየቀ። አንዱ አንድ ዛፍ፣ ሌላው ሌላ ዛፍ ጠራ። ማን እንደ ደነገጠ፣ ማን እንዳላበው አልተጻፈም፤ አላስፈለገምም።

በእኛም አገር አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ የሚባለው ሥርዓት ይህን መንገድ ጀምሮ ነበር። የአገሩ ሰው በአንድ ቦታ ተሰብስቦ ወንጀለኛው እስኪታወቅ እንዳይበተን ይደረጋል። ማን በዚያ ሌሊት በየት በኩል አለፈ፣ የማን ውሻ ጮኸ፣ ማን ሳይታሰብ በሬ ገዛ እያሉ የመቶ ጎረቤት ዓይን ያየውን ማሰባሰቡ መልካም ነበር። የተበላሸው «ወፍ ነገረኝ» ማለት ሲመጣ ነው፤ ስሙን የሸሸገ ሰው ቂሙን የሚወጣበት፣ ተከሳሹም «ከየትኛው ዛፍ ሥር?» ብሎ የሚጠይቀው ሰው የሚያጣበት ሆነ።

ይህ ጉዳይ ከመንደር ከፍ ብሎ አገርንም ይነካል። በእኛው በወሎ፣ በአምባሰል፣ በውጫሌ በ1881 ዓ.ም. ውል ሲፈረም የኢጣሊያው መልእክተኛ ኮንት አንቶኔሊ ለብዙ ዓመት በሸዋ ቤተ መንግሥት ሲመላለስ የኖረ፣ ፊቱ የታወቀ፣ እንደ ወዳጅ የሚቆጠር ሰው ነበር። ፊት ማንበብ የሚጠቅም ቢሆን ኖሮ ከዚያ የበለጠ የተነበበ ፊት አልነበረም። የአሥራ ሰባተኛው አንቀጽ ተንኮል የታወቀው ከፊቱ አይደለም። ዐፄ ምኒልክ ለአውሮፓ ነገሥታት ደብዳቤ ጽፈው፣ እነሱም መልእክትዎ በኢጣሊያ በኩል መምጣት አለበት ብለው ሲመልሱ፣ የአማርኛው ቃልና የኢጣሊያንኛው ቃል ጎን ለጎን ሲቀመጥ ነው። የአማርኛው «ይቻላቸዋል» ሲል የኢጣሊያንኛው ግዴታ አድርጎት ተገኘ። ለሁለት ሰው ለየብቻ የቀረበ አንድ ጥያቄ፣ ሁለት መልስ።

«አንተ እንደምትለው ሰው ሁሉ ሲመረምር ቢውል፣ አታላይ ሥራውን ጨርሶ ይሄዳል» የሚሉኝ አሉ። ነገሩ ተቃራኒው ነው። አታላይ የሚኖረው በፊት አንባቢዎች ነው፤ ፊቱን ለእነሱ አሳምሮ ይዞ ይመጣልና። ከደቡብ ወሎ ስንት ወንድና ሴት ልጅ ወደ ዐረብ አገር እንደ ሄደ የማያውቅ ቤት የለም። አንዳንዱ በጅቡቲ፣ በኦቦክ በኩል በጀልባ ወደ የመን ተሻግሮ በበረሃ ቀርቷል። በ2006 ዓ.ም. ሳውዲ ዐረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያንን ስታስወጣ፣ ብዙዎቹ በለበሱት ልብስ ብቻ ተመለሱ። እነዚህን ልጆች ከቤት ያወጣቸው ደላላ ቀንድ ያለው፣ ዓይኑ የቀላ ሰው አልነበረም። አብዛኛውን ጊዜ በዘመድ በኩል የመጣ፣ ሽማግሌ የሚያከብር፣ ሲበላ የሚያመሰግን፣ ዓይን ዓይናችሁን እያየ የሚናገር ሰው ነበር። እናትም አየችው፣ አባትም አየው፣ «ደግ ሰው ነው፤ ፊቱ ያስታውቃል» አሉ፤ በሬውንም ሸጡ።

በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ፈቃድ የሌለው ሰው ሠራተኛ ወደ ውጭ እንዳይልክ ከልክሏል፤ ውሉም በጽሑፍ እንዲሆን አዟል። ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገድሉ ጎፈሬ ይባላልና፣ በየቤቱ ፊደል የምታውቁት እናንተ ናችሁ፤ ደላላው ከቤት ሲገባ ቡና ይፈላለት፣ ክብሩም አይጓደልበት፤ ፊቱንም ተዉት። አባት እሱን ወደ በረንዳ ያውጡት፣ አብሮት የመጣውን ደግሞ እናት ከውስጥ ያጫውቱት፤ ለሁለቱም ያንኑ ጠይቁ። የአሠሪው ስም ማን ነው? ከተማው የት ነው? በወር የሚከፈለው ስንት ነው? የኤጀንሲው ፈቃድ የት አለ፤ ቁጥሩስ? ባለፈው ዓመት የላካችኋት የማን ልጅ ናት? አሁን ደውለን እናናግራት? እናንተ መልሱን በደብተር ላይ በሁለት ዓምድ ጻፉት፤ ጽፋችሁም ስትጨርሱ ሁለቱን ዓምድ ለአባትና ለእናት በድምፅ አንብቡላቸው። እንግዳው ሁለተኛውን ስኒ ሳይጠጣ «መንገድ አለብኝ» ብሎ ከተነሣ፣ የተነሣበትን ሰዓትም ከሥር ጻፉት።